ከእሳት የወጣው መቼ ነው?

ዶሮ ጥብስ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ተሰልፈናል፤ ከመስታወቱ በስተጀርባ የቀሩት ዶሮዎች ስድስት ናቸው። እኔ ሰባተኛ ነኝ። የእሑድ ምሽት ነው፤ ውጭው ዝናብ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርድ ይገባል። ማንም አፉን አውጥቶ ባይናገርም ሁላችንም በዓይናችን እየቆጠርን እንደነበር አውቃለሁ። ከፊቴ ያሉት ሁሉ ሙሉ ሙሉ ከወሰዱ ለእኔ አይደርሰኝም። አንዱ ግማሽ ቢል ግን ይደርሰኛል።

በዚህ መሃል ሒሳብ የምትቀበለው ወጣት ቦታዋን ለባልደረባዋ ትታ ወደ ሰልፉ መጣች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሳትጮህ፣ «አሁን ያለን ስድስት ዶሮ ብቻ ነው። ቀጣዩ የሚወጣው ከ35 ደቂቃ በኋላ ነው። የሚቸኩል ካለ አሁኑኑ ቢያውቀው ይሻላል ብዬ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልን» አለች።

ሦስት ሰዎች አመስግነዋት ወጡ። ከፊቴ የነበሩት አንድ አዛውንት ወደ ኋላ ዞረው አዩንና «እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ግማሹ ይበቃኛል» አሉ። የቀረነው ወንበር ስበን ተቀመጥን። አንድም ሰው አልተነጫነጨም። ዶሮው በ33ኛው ደቂቃ ወጣ፤ ቆዳው ገና ይንጫጫ ነበር።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል። እዚያ ቤት ስንት ጊዜ እንደበላሁ አላስታውስም፤ የብዙዎቹን ቀን ጣዕም ረስቼዋለሁ። የዚያች ልጅ ንግግር ግን ቃል በቃል አልጠፋብኝም። ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ሮቲሴሪ ይሉታል፤ በዘንግ ተሰክቶ ከእሳት ፊት እየዞረ የሚበስል ሙሉ ዶሮ። እንዲህ ያለውን ዶሮ በብዙ ቅርንጫፎች የሚሸጡ ቤቶች ለዓይን ከሌላው ፈጣን ምግብ ቤት አይለዩም። ከግድግዳው በላይ የምግብ ዝርዝር አለ፣ ከሥሩ ባንኮኒ፣ ትሪ፣ የወረቀት ናፕኪን። ደንበኛው ሲገባ ሐምበርገር ቤት የገባ ያህል ይጠብቃል፤ አዝዞ በአምስት ደቂቃ ይዞ ሊወጣ። ዶሮው ግን እንዲህ አይታዘዝም። አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን ዶሮ እንደ ምድጃው ዓይነት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል መዞር አለበት። እሳቱን ብትጨምሩበት ውጭው ያራል፤ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ልመናም ቁጣም አያፋጥነውም።

ስለዚህ እነዚህ ቤቶች ትልቁ ሥራቸው ግምት ነው። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ለሚመጣው ሰው ዶሮው ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዘንግ ላይ መሆን አለበት፤ ያ ሰው በዚያ ሰዓት ገና ሥራ ላይ ነው፤ ዶሮ እንደሚያምረውም አያውቅም። አንድ ሰው ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ፣ ያለፈውን ሳምንት ሽያጭ፣ ሰማዩንና የቀኑን ዓይነት አይቶ፣ ላላወቃቸው ሰዎች ራት ይሰካል። ካነሰ ሰልፍ ይፈጠራል። ከበዛ የተረፈው ማሞቂያ ውስጥ ተቀምጦ ይደርቃል። በደንበኝነት ዘመኔ ያየሁት ደስታም ቅሬታም፣ ስለ ወንበሩና ስለ መጸዳጃ ቤቱ ከሚነሳው በቀር፣ ከዚህ ግምት የሚመነጭ ነው።

ነገሩ ከጥንትም ሰው የሚጠይቅ ሥራ ነበር። በድሮ የአውሮፓ ትልልቅ ወጥ ቤቶች ዘንጉን የሚያዞረው ልጅ ነበር፤ ከእሳቱ ፊት ለሰዓታት ተቀምጦ ማዞር። በእንግሊዝ ይህን ሥራ የሚሠሩ አጫጭር እግር ያላቸው ውሾች ነበሩ፤ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ መንኮራኩር ውስጥ እየሮጡ ሥጋውን ያዞራሉ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ወደ ጭስ ማውጫው በሚወጣው ትኩስ አየር የሚዞር ዘንግ ሥሎ ትቷል። ሁሉም ይፈልጉ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ሥጋው ከራሱ በሚቀልጠው ስብ ዙሪያውን እየራሰ እንዲበስል ሳይቆም የሚያዞርለት። የሚዞር ዶሮ ስቡ ወዲያው አይንጠባጠብም፤ ወደ ታች ሊወርድ ሲል ታች የነበረው ወገን ወደ ላይ ይዞራልና ቆዳው ላይ ይንሸራሸራል።

ለዛሬዎቹ ቤቶች መንገድ ከከፈቱት አንዱ የሆነው ታሪክ ከፔሩ ነው። ሮጀር ሹለር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1950 ከሊማ ወጣ ብሎ ሳንታ ክላራ በሚባል ስፍራ ላ ግራንሃ አሱል የተባለ ምግብ ቤት ከፈተ፤ በከሰል እሳት የበሰለ ዶሮም ይሸጥ ጀመር። ደንበኛው ሲበዛበት ፍራንስ ኡልሪክ የሚባል የአገሩ ሰው ብዙ ዶሮዎችን በአንድ ጊዜ የሚያዞር መሣሪያ ሠራለት። ይህ ዶሮ ፖዮ አ ላ ብራሳ ይባላል፤ ዛሬ በፔሩ በየዓመቱ በሐምሌ፣ በፈረንጆቹ ጁላይ ሦስተኛ እሑድ፣ የሚከበር የራሱ ቀን አለው። በዚያው ዘመን አካባቢ በካናዳና በጀርመን ሌሎችም ዶሮ ቤቶች ተነሱ። ሴንት ሁበርት በ1951 ሞንትሪያል ውስጥ፣ ስዊስ ሻሌ በ1954 ቶሮንቶ ውስጥ፣ የፍሪድሪኽ ያን ቪነርቫልድ በ1955 ሙኒክ ውስጥ።

ስለ ኡልሪክ መሣሪያ ሳስብ አንድ ነገር ይታየኛል። አንድ ዶሮ በአንድ ዘንግ ሲበስል ሻጩና ገዢው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ያለቀው አልቋል፣ ያልደረሰው አልደረሰም። ብዙ ዶሮ በአንድ ምድጃ ሲዞር ግን አንድ ላይ ይገባሉ፣ አንድ ላይ ይበስላሉ፣ አንድ ላይም ያረጃሉ። ሠላሳ ዶሮ እኩል ሲወጣ የመጀመሪያው ደንበኛና ሠላሳኛው ደንበኛ የሚከፍሉት አንድ ነው፤ የሚበሉት ግን አንድ አይደለም። የአንዱና የሌላው ዕድል የሚለየው በገቡበት ደቂቃ ነው። ይህንን ደንበኛው አያውቅም፤ ከባንኮኒው ወዲያ ያሉት ግን ያውቃሉ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

እናቴ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አማራት። ያ የሚዞረው ዶሮ ቢገኝ አለችኝ። እስከዚያ ሰዓት የቀመሰችው ሾርባ ብቻ ነበር፤ እሱንም በልመና። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የለመድኩት ዶሮ ቤት ሩቅ ስለነበር ወደሚቀርብ ሌላ ዶሮ ቤት ሄድኩ። ከቀትር በኋላ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ሰው የለም። ባንኮኒው ላይ የነበረውን ልጅ «አዲስ ነው?» አልኩት። «አዎ፣ አሁን ነው የወጣው» አለኝ፤ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ።

ቤት ደርሼ ስከፍተው ቆዳው ከአጥንቱ ጋር ተጣብቋል። ደረቱን ስቀድደው እንደ ገመድ ተፈተለ። እናቴ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ረጅም ጊዜ አኘከችና «ጥሩ ነው፤ ጠገብኩ» አለች። እንዳልጠገበች አውቃለሁ። ለእኔ ብላ ነው። ሳህኑን አንስቼ ወጥ ቤት ስገባ ያንን ልጅ ክፉኛ ተናደድኩበት፤ ዛሬም ሳስበው ደረቴ ይሞቃል።

በማግስቱ ደውዬ ነገርኳቸው። ያነጋገረኝ ኃላፊ ትሁት ነበር፤ ሌላ ዶሮ በነፃ እንድወስድ ኩፖን እንልክልዎታለን አለኝ። ኩፖኑን አልፈልግም፣ ልጁ «ከወጣ ቆይቷል፤ አዲሱ በዚህ ሰዓት ይደርሳል» ቢለኝ ኖሮ እጠብቅ ነበር አልኩት። «ይገባኛል» አለና ስለ ኩፖኑ ደገመልኝ። አልገባውም። የዶሮው መድረቅ ለእኔ ሁለተኛ ነገር ነበር፤ መጀመሪያ የተወሰደብኝ የመምረጥ ዕድሌ ነው። አንድ ሰዓት መጠበቅ እችል ነበር። ወይም ሌላ ነገር ይዤላት እሄድ ነበር። «አሁን ነው የወጣው» የሚለው ቃል እነዚህን ሁሉ ዘጋብኝ።

ያን ሰሞን ዶሮው ለምን እንዲያ እንደሚሆን ለማወቅ ብዙ አነበብኩ። ዶሮ በስሏል የሚባለው የውስጥ ሙቀቱ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ነው። ከወጣ በኋላ ሳይሸጥ የሚቆየው ደግሞ መቀዝቀዝ የለበትም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሚያወጣው የምግብ ደንብ ለምሳሌ ትኩስ ሆኖ የሚቀመጥ ምግብ ከ57 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በታች ባክቴሪያ ይራባል። ያ ደንብ ከሕመም ይጠብቀናል። ከመድረቅ ግን አይጠብቀንም፤ እንዲያውም ዶሮውን ከበሽታ የሚጠብቀው ያው ሙቀት እርጥበቱን ቀስ በቀስ ይስበዋል። ሥጋ ሲሞቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ውኃውን ይጨምቃል። ደረት ስቡ ጥቂት ነው፣ ሥጋን የሚያያይዘው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲንም እንዲሁ፤ ውኃው ከሄደ የሚያለሰልሰው ነገር አይቀርለትም። ታፋ ግን ኮላጅን አለው፤ ኮላጅኑ በሙቀት ቆይታ ወደ ጄላቲን እየተለወጠ ሥጋውን ያለሰልሰዋል። ለዚህ ነው አንድ ሰዓት የቆየ ዶሮ ደረቱ ሲበላሽ ታፋው ገና የሚጣፍጠው።

ይህንን ካወቅኩ ወዲህ አጠያየቄን ቀየርኩ። «አዲስ ነው?» ብዬ አልጠይቅም፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው፤ ጥያቄው ራሱ ሻጩን ወደ ውሸት ይገፋዋል። «ከእሳት የወጣው መቼ ነው?» እላለሁ። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሰዓት ነው። ሰዓት ለመናገር ደግሞ ሰው ዞር ብሎ ማየት አለበት፤ አንዴ ዞር ብሎ ካየ አብዛኛው ሰው እውነቱን ይናገራል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ከሆነው ታፋውን እወስዳለሁ፤ ወይም ቁጭ ብዬ አዲሱን እጠብቃለሁ። (ይዘው ቤት ለሚሄዱ አንድ ነገር ልጨምር፤ የሣጥኑን ክዳን በአንድ ጥግ ከፈት አድርጉት። ተዘግቶ ሲሄድ የራሱ እንፋሎት ቆዳውን ያረጥበዋል፤ ያ ሁሉ የዞረለት የቆዳው መንኮሻኮሽ በአሥር ደቂቃ ይጠፋል።)

የለመድኩት ቤት ድሮ ምድጃው ከፊት ነበር። በሩን ገፍተህ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው እሳቱን ነው፤ ዶሮዎቹ በረድፍ በረድፍ ይዞራሉ፤ የላዮቹ ስብ በታችኞቹ ላይ ይንጠባጠባል። ልጆች ግንባራቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው ይቆሙ ነበር። እኔም አዋቂው እቆም ነበር። ያኔ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም፤ የገረጣው ገና ነው፣ የወረዛው ሊደርስ ነው፣ ወርቅ የመሰለው ደርሷል። ቤቱ ሲታደስ ምድጃውን ወደ ጓዳ አስገቡት። በቦታው የሚያምር ግድግዳና የዶሮ ፎቶግራፍ ተተካ። ምክንያት ይኖራቸዋል፤ ሙቀቱ፣ ጭሱ፣ ቦታው። ግን ያን ቀን አንድ ነገር ከእኛ ተወሰደ። ስናይ መጠበቅና ሳናይ መጠበቅ የተለያዩ ናቸው። እሳቱን እያየሁ 20 ደቂቃ ስቀመጥ ዶሮውን አብሬ የማበስለው ይመስለኝ ነበር፤ ከፎቶግራፍ ፊት ስቀመጥ ግን ሰዓቴን ነው የማየው።

ቀጥሎ የመጣው ታብሌቱ ነው። ከባንኮኒው ጎን ተደርድረው ጢን ጢን የሚሉት የዴሊቨሪ ታብሌቶች። ድሮ ወረፋ ማለት ከፊትህ ያለው ሰው ነበር፤ ታየዋለህ፣ ያይሃል፣ እንደዚያ አዛውንት ግማሹን ሊተውልህ ይችላል። አሁን አራት ሰው ብቻ ተሰልፎ፣ አሥር ዶሮ እያየህ፣ ተራህ ሲደርስ የለም ትባላለህ፤ ዶሮዎቹ ቤታቸው ሆነው ላዘዙ ሰዎች ተይዘዋል። ቤቱ ሆኖ ያዘዘውን አልወቅሰውም፤ ሕፃን ያቀፈች እናት ትሆናለች፣ መራመድ የማይችል ሰው ይሆናል። እኔም ታምሜ አዝዣለሁ። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ ለሚጠብቀው ሰው ወረፋው እንደማይታየው አለመነገሩ። አንድ ምሽት ሞተረኛው ሰባት ከረጢት ይዞ ሲወጣ ከኋላዬ የነበረ ሰውዬ «እኛ ሰው አይደለንም?» ብሎ ትቶ ወጣ። ለማንም አልነበረም የተናገረው፤ በሩን እያየ ነው።

ደግሞ እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ካልተናገርኩ ይህ ጽሑፍ ጎደሎ ይሆናል። ታብሌቶቹ በመጡበት ሰሞን፣ ሥራ ውዬ ደክሞኝ በመጣሁበት ምሽት፣ የለም ስባል ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። የተናገርኩት ለአንዲት ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። «ስንት ዶሮ እንደሚገባ የምወስነው እኔ አይደለሁም ወንድሜ» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ክንዷ ላይ ከምድጃው በር የተረፈ፣ አዲስም አሮጌም፣ የቃጠሎ ምልክት ነበር። እውነቷን ነው። ቁጥሩን የሚያወጣው ከሌላ ቦታ የሚላክ ሠንጠረዥ ነው፤ ባለፉት ሳምንታት ሽያጭ ተሰልቶ የሚመጣ። እሷ የቀኑን ሰልፍ በዓይኗ ብታየውም አንድ ዶሮ የመጨመር ሥልጣን የላትም። ቁጣውን ተቀባይ ግን እሷ ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ኧረ ምንም አይደል» አለች፤ በዚያች ሳምንት ውስጥ እንደ እኔ ስንት ሰው እንደጮኸባት አስቤ አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ከባንኮኒው ወዲያ ያለውን ሥራ አስተውላለሁ። ዶሮ የሚቆርጠውን ሰው እዩት፤ ከማሞቂያው ያወጣዋል፣ በትልቁ መቀስ ጀርባውን ሁለት ጊዜ፣ ደረቱን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ታፋውን ከመገጣጠሚያው ይለያል፤ የሚቃጠል ሥጋ ነው፣ ጓንቱ ስስ ነው። ማታ ደግሞ ዘንጎቹ ይወልቃሉ፤ የደረቀ ስባቸው ይፋቃል። ከመዘጋቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት የሚገባ ደንበኛ የሚያገኘው የቀረውን ነው፤ ይህን አውቄ ስለምገባ በዚያ ሰዓት ቅር ብሎኝ አያውቅም።

በሰልፉ መሃል ወጥታ የተናገረችው ልጅ ከጊዜ በኋላ የፈረቃው ኃላፊ ሆነች። እሷ ባለችባቸው ቀናት ከማሞቂያው በላይ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ነበር፤ ዶሮ በወጣ ቁጥር ሰዓቱን በማርከር ትጽፍበታለች፣ ከሥሩ ቀጣዩ የሚወጣበትን። ማንም ያዘዛት አይመስለኝም፤ በሌሎቹ ቅርንጫፎች አላየሁም። ሰው እየገባ ቀና ብሎ ያያል፣ ይቀመጣል ወይም ይወጣል። ስትሄድ ሰሌዳው ለጥቂት ወራት ባዶውን ተሰቅሎ ቆየ።

ባለፈው ወር እናቴን ይዣት ሄድኩ። ደህና ሆናለች፤ ምርኩዟን ይዛ ራሷ ትራመዳለች። ወንበር ላይ አስቀምጫት ልሰለፍ ስል እኔ ነኝ የማዝዘው ብላ ተነሳች። ባንኮኒው ላይ አዲስ ልጅ ነበር። አጎንብሳ፣ ቀስ ብላ፣ «ልጄ፣ ይህ ከእሳት የወጣው መቼ ነው?» አለችው። ልጁ ሊመልስ አፉን ከፈተና ተወው፤ ዞር ብሎ ወደ ጓዳው ገባ። ሲመለስ «እናቴ፣ ሃምሳ ደቂቃ ሆኖታል» አላት። «ደረቱን ባይወስዱት ይሻላል፤ ታፋ ልስጥዎት። ከጠበቁኝ ደግሞ ከሩብ ሰዓት በኋላ አዲስ ይወጣል።»

እናቴ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። «እንጠብቃለን» አለችውና ወደ ወንበሯ ተመለሰች።